ፎቄ፣ ሦስቱ ወንድማማቾችና አራተኛው ዜማ

ፎቅ ቤት ያለው ሰው ስታዩ ከመቅናታችሁ በፊት ጉልበቱን ጠይቁት። እኔ ሞላሌ ላይ፣ ከገበያው በላይ ባለው ተዳፋት፣ ምድር ቤቱን ጨምሮ ሦስት ወለል ያለው ቤት ከሠራሁ ወዲህ የተማርኩት ነገር ቢኖር መነጽሬን የምረሳው ሁልጊዜ ላይ፣ የምፈልገው ደግሞ ሁልጊዜ ታች መሆኑን ነው። ደረጃውን ስወጣ ለምን እንደምወጣ እረሳለሁ፤ ስወርድ ትዝ ይለኛል። ቤት የሠራሁ መስሎኝ የሠራሁት ዳገት ኖሯል፤ ያውም ዳገት ባልጠፋበት አገር።

ባለቤቴ ዘነቡ ገና መሠረቱ ሲቆፈር ተናግራ ነበር። «ለሁለት ሰውና ለአንድ ሽማግሌ ሦስት ወለል ምን ይሠራል? በየወለሉ አንዳንድ ሰው ልናስቀምጥ ነው?» አለችኝ። አልሰማኋትም። እኔ የባና ነጋዴ ነኝ፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን የአገራችንን ወፍራም ብርድ ልብስ ከየገጠሩ እየሰበሰብኩ ለከተማ እሸጣለሁ። እግዜር ይመስገን፣ በጉም ጠጉሩን አልነፈገኝም። ታዲያ እጄ ትንሽ ሲረጥብ ገበያ መሀል ቆሞ ቀና ያለ ሰው ሁሉ «ያ ቤት የማነው?» እንዲል አማረኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። የዘነቡ ትንቢት ግን ጠብ ሳይል ደረሰ፤ አባቴ ምድር ቤት፣ እሷ መካከለኛው ወለል፣ እኔ ከነባናዎቼ አናት ላይ ሆንን። ምሳ የደረሰ እንደሆነ እኔና እሷ በስልክ ነው የምንጠራራው።

ሌላው ሞኝነቴ ግድግዳው ነው። ምድር ቤቱን በድንጋይ ካላስገነባሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። «ብሎኬት የቆላ ነው፣ የመንዝን ብርድ የሚመልሰው ድንጋይ ነው» እያልኩ ግንበኛውን በክርክር አደከምኩት። እሱም በእልህ ይሁን በፍቅር ውፍረቱን አሳመረውና ሲጨርስ በመዶሻው እጀታ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ግድግዳ መድፍ ይመልሳል» አለኝ። ጉራውን መስሎኝ ነበር። እውነትም ብርድ አልገባም። ዋይፋይም አልገባም።

ይህ ሁሉ መንደርደሪያ ነው፤ ዋናው ነገር አባቴ ናቸው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ አገሩ መሪጌታ ይላቸዋል፣ ተማሪዎቻቸው ደግሞ የኔታ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ድጓ የዓመቱ በዓላት ሁሉ ዜማ የታጨቀበት መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ ግን ምልክቱን ያሳያል እንጂ ዜማውን አይሰጥም። ዜማው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ነው የሚሻገረው። ተማሪ መምህሩ ያለውን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይህችን «አይጨምርም፣ አይቀንስም» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው በሷ ነው።

አባባ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ጉባኤ ቤቱ መውጣት አቃታቸው፤ ተማሪዎቻቸውም አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። አንድ ብቻ ቀረ፤ ዲያቆን ልሳነወርቅ የሚባል የመርሐቤቴ ሰው። እሱም እናቱ ታመውበት ትምህርቱን ከመሀል አቋርጦ ዓለም ከተማ ገባ፣ እዚያው ደብር ያገለግላል። ዓለም ከተማ ከኛ በአሞራ ክንፍ ቅርብ ናት፤ በሰው እግር ግን ገደል ወርዶ ገደል መውጣት ነው፣ በመኪናም ቢሆን ዞሮ ዞሮ፣ አቧራ ጠጥቶ ነው የሚደረሰው። ስለዚህ ዘነቡ መላ መታች። «በቪዲዮ ይማር» አለች። ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ ስልኩን አባባ መጽሐፍ በሚዘረጉበት አትሮንስ ላይ እናቆማለን፤ ልሳነወርቅ ከወዲያ ብቅ ብሎ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፤ አባባም ይጀምራሉ።

«ድምፅዎን ቀድተን ብንልክለትስ?» ብያቸው ነበር። «የተቀዳ ድምፅ የተማሪውን ስሕተት ይሰማል?» አሉኝ። አይሰማም።

ሲም የሚገባበት ሞደማችን የተቀመጠው እኔ ዘንድ፣ አናት ላይ ነው፤ የስልክ ማማው የሚታየው ከዚያ መስኮት ብቻ ስለሆነ። ምድር ቤት ተራ ስልክ እንኳን አይሠራም። ዋይፋዩ ሁለት የኮንክሪት ወለል በስቶ፣ ያን መድፍ መላሽ ግድግዳ ዞሮ አባባ ዘንድ ሲደርስ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ እንግዳ ነው የሚመስለው፤ ይደርሳል፣ ግን ይቀመጥና ያርፋል። አባባ ሲያዜሙ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ የልሳነወርቅ ምስል ሲደርቅ አያዩም። ሲጨርሱ «ሰማህ?» ይሉታል። «ሰምቻለሁ፣ የኔታ» ይላል። አንዳንዴ ብቻ መሀል ላይ ቆም ብለው ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ይቀስሩና «ያ ዕቃህ ቆረጠው!» ይሉኛል። እኔም እሮጣለሁ፤ ሞደሙን አጥፍቼ አበራለሁ፤ እያለከለክሁ እመለሳለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንዴት እንዳወቁ ለመጠየቅ ትንፋሽ አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ግን ጭራሹኑ እምቢ አለ። እኔና የዘነቡ ወንድም ሸዋንግዛው አባባን ከነወንበራቸው ተሸክመን አናቱ ላይ ለማውጣት ወሰንን። ሸዋንግዛው ሾፌር ነው፤ ስለሁሉም ነገር ያውቃል፣ ያላወቀውንም ይናገራል። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ስንወጣ አባባ ከመካከል «ቀስ! ሰው በሕይወት ሳለ ወደ ሰማይ አይቸኩልም!» ይላሉ። ዘነቡ መቋሚያቸውንና ሁለት ባና ይዛ ትከተላለች። አናቱ ላይ ስንደርስ ነፋሱ በመስኮቱ ሥር እያፏጨ ተቀበለን። አባባ ሳል ያዛቸውና ማዜም ስላልቻሉ «እስቲ አንተ የያዝከውን በል፣ ልስማህ» አሉት ልሳነወርቅን።

ልሳነወርቅ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ድምፁ ሲያምር! ኔትወርኩ ጥርት ብሏል፣ የሸማው ጥለት ሳይቀር ይታያል። ትንሽ እንደሄደ ዝም አለ።

«ቆረጠ?» አሉ አባባ።

«የለም አባባ፣ ሙሉ ነው» አልኩ።

ልሳነወርቅ እንደ ሐውልት ቆሞ ከቆየ በኋላ አንዷን ቃል ሦስት ጊዜ መላልሶ በልበ ሙሉነት ቀጠለ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ዝም አለ። አባባ ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ፣ ለምንድነው ዝም የምትለው?»

«የኔታ፣ እርስዎ እንዲያ ብለው አይደል የሰጡኝ? እዚህ ላይ ረጅም ዝምታ አለ። ከዝምታው በኋላ ይህችን ቃል ሦስት ጊዜ ይመላልሷታል።»

«እኔ?»

«እርስዎ እንጂ የኔታ። የርስዎ የብቻ ስልት ነው ብዬ ሌላ ቦታ ሰምቼው እንደማላውቅ ለሰው ሁሉ ነገርኩ። እዚህ ደብራችን ላሉ ዲያቆናትም አስተምሬያቸዋለሁ፤ ዝምታዋ ላይ ስንደርስ ሁላችንም መቋሚያችንን ከፍ አድርገን እንይዛለን።»

ዘነቡ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሸዋንግዛው ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አባባ ግን አልሳቁም። «ግዕዝ አይደል፣ ዕዝል አይደል፣ አራራይ አይደል» አሉ ቀስ ብለው። «ከአባቶቻችን የወረስነው ሦስት ዜማ ነው። አራተኛውን ማን ጨመረ?»

ማን እንደጨመረ እኔ አውቃለሁ። እኔና ግንበኛው ነን።

ወደ ታች አወረድናቸው። ምድር ቤት ገብተው ባናውን ከተከናነቡ በኋላ ነው «የደብራቸው ንግሥ ደርሷል፤ ማኅሌቱን እሱ ነው የሚመራው» ያሉኝ። «ሊቃውንቱ ሰምተውት ‹የማን ተማሪ ነህ?› ይሉታል። ስሜን ይጠራል።» ቀጥለውም «ስሜስ ይቅር። እኔ ሳልፍ ይህች ዜማ የምትኖረው በሱ አፍ ነው። ሌላ የያዘልኝ የለም። በዓሉ ሳይደርስ ካልተቃናች ማስተማሩን ትቻለሁ፤ ጠማማ ዜማ ዓለም ላይ ጥዬ አልሄድም» አሉ። አባቴ ትቻለሁ ያሉትን ነገር ሲመለሱበት አይቼ አላውቅም። ጠላም እንዲሁ ነው የተዉት። በጣም ፈራሁ።

ያኔ ነው እንግዲህ የዋይፋይ ነገር የገባሁበት። ቀድሜ ማጉያ የሚሏትን ትንሽ ዕቃ ገዝቼ ምድር ቤት ሰክቼ ነበር። ማጉያ የደረሰውን ነው የሚያጎላው፤ ያልደረሰውን ከየት ያመጣል? ሸዋንግዛው ደግሞ «ጋሼ፣ ሞገዱን የሚገፋው ብረት ነው» ብሎ የዘነቡን ትልቁን የድስት ክዳን ደረጃው ላይ አንጠለጠለው። ክዳኑ ሞገድ አልገፋም፤ እኔ ከሥሩ ሳልፍ ግን ለመውደቅ ሰዓቱን አልሳተም። ዘነቡ ወጥታ መጀመሪያ ያየችው ክዳኗን ነው፤ ከዚያ እኔን።

በነጋታው ደብረ ብርሃን ወርጄ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ምላሱ የተፈታ ሰው ነው። ችግሬን ስነግረው «ሜሽ ነው የሚያስፈልግህ» አለ። «አንድ ሣጥን አይደለም፣ ብዙ ሣጥን ነው። አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ ቤቱን ሙሉ ያዳርሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» ይህን ተረት የዚያን ቀን ከሦስት ሱቅ ነው የሰማሁት፤ ሁሉም ራሱ የፈጠረው ይመስል ፈገግ ይልበታል።

«ግድግዳው ምንድነው?» አለኝ።

«ድንጋይ» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ውፍረቱስ?»

ክንዴን ዘርግቼ አሳየሁት። ሰው ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛን እንደሚያይ አየኝ። ከዚያ መርጠህ ግዛ ብሎ ሣጥኖቹን ደረደረልኝ። ሁለት ሁለት የሆነ አለ፣ ሦስት ሦስት የሆነ አለ። ሞገዱ የሚሄድበት ሁለት መንገድ ያለው አለ፣ ሦስት መንገድ ያለው አለ። «ሦስት መንገድ ያለው ለምን ተወደደ?» ስለው «አንዱን መንገድ ሣጥኖቹ እርስ በርሳቸው ለሚያወሩት ለብቻ ይይዙታል፤ ስለዚህ የቤተሰቡን ወሬ አይሻሙም» አለኝ። ይህ ወዲያው ገባኝ። እኔና ዘነቡም እንግዳ ሲመጣ እንግዳውን የምናማው ማድ ቤት ገብተን ነው።

ያም ሆኖ መወሰን አቃተኝ። ዘነቡ ጋ ደወልኩ፤ «ነጭ እንዳትገዛ፣ አቧራ ያሳያል» አለች። ሸዋንግዛው ጋ ደወልኩ፤ «አንቴናው የረዘመውን ያዝ» አለ። ከተደረደሩት ውስጥ አንቴና ያለው አንድም የለም። ሱቁ ውስጥ ኬብል ሊገዛ የገባ የማላውቀው ሰውም «እኔ ብሆን» ብሎ ጀመረ። በሬ ስገዛ እንኳን እንዲህ አልተመከርኩም፤ የበሬ ጥርስ ይታያል፣ የሣጥን ጥርስ አይታይም። በመጨረሻ አባባን አሰብኩና ሦስት ሣጥን፣ ሦስት መንገድ ያለውን ገዛሁ። ቀለሙ ነጭ ነው።

መንገዱ እንዳይሰብርብኝ ካርቶኑን በባና ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጥቅልሉን አየት አየት ሲያደርጉ ቆይተው «ልጄ፣ ፊቱን ገለጥ አድርግለት፣ ይታፈናል» አሉኝ። ሕፃን አለመሆኑን ለመናገር ስዘጋጅ «እናቱስ?» ሲሉ ሐዘናቸው ገጻቸው ላይ መጣ። ማስረዳቱ ሲከብደኝ ጠርዙን ትንሽ ገለጥኩለት። ሞላሌ እስክንደርስ እሹሩሩ እያሉልኝ መጡ፤ ስወርድም «ይደግልህ» ብለው መረቁት።

ቤት ስደርስ ሸዋንግዛው ሣጥኖቹን አውጥቶ ስልኩን እየነካካ ለአባባ ያስረዳቸው ጀመር። «አባ፣ እነዚህ ሦስት ናቸው፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። ሦስት ሲሆኑ አንድ...»

«አቁም!» አሉ አባባ። «እሱ አነጋገር ቦታ አለው። የሱቅ ዕቃ አይባልበትም።»

«እና ምን ልበላቸው?»

አባባ አሰቡ። «ሦስት ወንድማማቾች በላቸው። ወንድማማችም የአባቱ ስም አንድ ነው» አሉ። የዋይፋያችን ስም እንዲህ ወጣ። ታላቁ አናት ላይ ከሞደሙ አጠገብ ተቀመጠ፤ መካከለኛው ደረጃው ላይ ካለችው መስኮት ላይ፤ ታናሹ አባባ ክፍል ውስጥ። ታላቁና መካከለኛው ሰማያዊ መብራት አበሩ። ታናሹ ግን ትንሽ ሰማያዊ፣ ትንሽ ቀይ እያለ ያመነታል። ግድግዳው አሁንም ጠባዩን አልተወም። «ነገ አስተካክለዋለሁ» አለ ሸዋንግዛው። እኔም ቀይ ቢልም አንዳንዴ ሰማያዊ ማለቱ ተስፋ ሰጠኝ፤ ሰውም ከዚህ በላይ አያደርግም።

በነጋታው ከገበያ ስመለስ ታናሹ የለም። ሽቦውም የለም። ከአልጋ ሥር፣ ከመጻሕፍቱ ኋላ ፈለግሁ። ዘነቡን ጠየቅሁ፤ እኔ አልነካሁም ብላ ማለች። ሌባ ገብቷል ብዬ ጮህኩ። አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠው ፍለጋዬን በትዕግሥት ሲያዩ ከቆዩ በኋላ «አስካለ ወሰደችው» አሉ።

እትዬ አስካለ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። «ምን አድርገው ወሰዱት?»

«ሰጥቻት ነዋ። የልጇ የፈተና ውጤት የሚታይበት ቀን ነው፤ በስልኳ እምቢ ቢላት ‹መሪጌታ፣ እናንተ ቤት አለ አሉ፣ ትንሽ ያካፍሉኝ› ብላ መጣች። ጎረቤት እሳት ሲለምን የለም አይባልም። ፍም ብትሰጥ ምድጃህ አይጎድልም። አባቴ የለም ብለው አያውቁም፣ እኔም አልልም።»

«አባባ! ይሄ እኮ ፍሙ አይደለም፤ ምድጃው ነው! ራሱን ምድጃውን ነው የሰጧቸው!»

«ሦስት አይደሉም እንዴ?» አሉ በእርጋታ። «ሁለት ወንድሞቹ አሉ።»

እኔ ራሴን ይዤ ወጣሁ። የልሳነወርቅ በዓል በደጅ ነው፣ እኔ ግን የሦስት ወንድማማቾችን ታናሽ ከጎረቤት ላስመልስ እየሄድኩ ነው። ምን እንደምል እየተለማመድኩ አጥሩን ዞሬ ስደርስ ከውስጥ እልልታ ቀለጠ። ልጅቷ አልፋለች! እትዬ አስካለ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «የመሪጌታ ልጅ! የናንተ ዕቃ ነው እኮ ያሳየን! ብሩክ ዕቃ ነው!» እያሉ እጄ ላይ ዳቦ አስቀመጡልኝ። ታናሹ ቁም ሣጥኑ ላይ ዳንቴል ተነጥፎለት ተቀምጧል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ይዞ ከብቦታል። እንዲህ ባለ ሰዓት «ዕቃዬን» የሚል ሰው ካለ እሱ ከመንዝ አይደለም። ዳቦውን እየበላሁ ተቀመጥኩ።

ስቀመጥ ነው ያየሁት። መብራቱ ሰማያዊ ነው። አያመነታም፤ ድርቅ ያለ ሰማያዊ። ተነሥቼ በመስኮታቸው ብመለከት የኛ የደረጃ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ መካከለኛው ወንድም እዚያ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ቀጥሎ ታች ብመለከት የአባባ ክፍል መስኮት እዚሁ፣ አጥሩን ተሻግሮ ነው። በነዚህ መስኮቶች መሀል ድንጋይ የለም። አየር ብቻ ነው። በቤቴ ውስጥ መንገድ ያጣው ዋይፋይ በጎረቤቴ ቤት በኩል መንገድ አለው።

እየሮጥኩ አባባ ክፍል ገብቼ ስልኩን አትሮንሱ ላይ አቆምኩት። ሙሉ ነው! ታናሹ እዚህ ክፍል ውስጥ ሳለ ያልሠራውን ከእትዬ አስካለ ቁም ሣጥን ላይ ሆኖ ይሠራል። ለአባባ ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም። «ፍም ስትሰጥ ሙቀቱ ይመለሳል» ብለው ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። እኔ ግን ያ ሁሉ ምርጫ፣ ያ ሁሉ ምክር አሳቀኝ፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚሻለው ለካ ለዋይፋይም ነው።

ከዚያ ወዲህ ታናሹ እትዬ አስካለ ዘንድ ቀረ። ትምህርቱም ቀጠለ። ብቸኛው ችግር እትዬ አስካለ ሶኬታቸው አንድ በመሆኑ ውሃ ማፍያ ሲሰኩ ታናሹን መንቀላቸው ነው። ያን ጊዜ በአጥሩ ላይ አንገቴን አውጥቼ «እትዬ አስካለ! የውሃ ማፍያዎ ድጓውን ቆረጠው!» እላለሁ፤ እሳቸውም «ወይኔ፣ ይቅር ይበለኝ!» ብለው መልሰው ይሰኩታል። አባባ ደግሞ የልሳነወርቅን ዝምታዎች አንድ በአንድ ይነቅላሉ። እሾህ ከእግር እንደማውጣት ነው። ከዝምታዎቹ አንዳንዶቹን ልሳነወርቅ ወዷቸው ነበርና ሲለቃቸው ቅር እያለው ነው።

በዓሉ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አባባ «በል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ» አሉት። ዘነቡ ሥራዋን ትታ ወረደች። እትዬ አስካለም ወሬውን ሰምተው ኖሮ በመስኮታቸው ብቅ አሉ። ልሳነወርቅ ጀመረ። አንዷን ዝምታ አለፋት፤ ሁለተኛዋን አለፋት፤ ሦስቴ የሚመላልሳት ቃል አንዴ ብቻ ተባለች። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ ረጅሟ ሐረግ ላይ ደረሰና መካከሏ ላይ ዝም አለ።

«ቆረጠ!» ብዬ ተነሣሁ። አናት ድረስ ሮጥኩ፤ ታላቁ ሰማያዊ ነው። ደረጃው ላይ መካከለኛውን አየሁ፤ ሰማያዊ። በአጥሩ በኩል ጮህኩ፤ «ሰማያዊ ነው፣ አልነቀልኩትም!» አሉ እትዬ አስካለ። ተመልሼ ገባሁ። ልሳነወርቅ እንደገና ከሐረጓ ራስ ተነሣ። እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ልወጣ ስል አባባ በመቋሚያቸው መንገዱን ዘጉት።

«አትሩጥ ልጄ» አሉኝ። «ያቺ የዕቃህ አይደለችም። ያቺ የኔ ናት።»

«ምኗ?»

«ትንፋሼ ናት። ይህች ሐረግ በአንድ ትንፋሽ የምትባል ናት፤ መምህሬ እንዲያ ነው የሰጡኝ። እኔም ድሮ እላት ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መካከሏ ላይ ያልቅብኛል። ያ ዕቃህ ይሸከምልኝ ብዬ ወደ ላይ እጠቁምልሃለሁ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ስታለከልክ አሳዘንከኝ፤ ግን ከኔ ይልቅ ዋይፋይ ቢያረጅ መረጥኩ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ደረጃውን ስሮጥ፣ ሞደሙን ሳጠፋና ሳበራ፣ ያለቀው የአባቴ ትንፋሽ ነበር፤ እኔም በሣጥን ላስተካክለው ነበር። ዘነቡ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ የአሁኑ ግን ሳቅ አልነበረም።

አባባ ወደ ስልኩ ዞሩ። «ልሳነወርቅ፣ ሰምተሃል። እኔ የማቆምባት ቦታ የዜማው ማረፊያ አይደለችም። እለፋት።»

«የኔታ፣ እርስዎ ያቆሙባትን እኔ ልለፋት?»

«እለፋት ብዬሃለሁ።»

ልሳነወርቅ ትንፋሹን ሳበ። ሐረጓን ከራሷ አነሣት። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ፣ ዘነቡም ያዘች፣ እትዬ አስካለ ያልተሰካ የውሃ ማፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በመስኮቱ ቆመዋል። ዜማዋ ዳገቷን ወጣች፤ ያቺ ቦታ ላይ ደረሰች፤ አለፈቻት። የአባባ ከንፈር ያለ ድምፅ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እሳቸው ቆሙ፣ እሱ ቀጠለ፤ አንዳች ሳትሰበር ሐረጓ እስከ ጫፏ ሄደች።

አባባ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ አይጠርጉትም።

«የኔታ?» አለ ልሳነወርቅ ከወዲያ፣ ድንግጥ ብሎ። «የኔታ፣ አይሰማም እንዴ? ቆረጠ?»

«አልቆረጠም ልጄ» አሉት አባባ። «ቀጥል።»